ሻይ የጠጣው ጌጅ

ሰው በዕድሜ ላይ ያለው አቋም ይገርመኛል። የራሱን ይቀንሳል፤ የዕቃውን ይጨምራል። አንዲትን ሴት ዕድሜዋን ብትጠይቋት አራት አምስት ዓመት ሸርፋ ትነግራችኋለች፤ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ያለውን ሳጥን ብትጠይቋት ደግሞ «የአያቴ እናት የተዳረችበት ነው» ትላችኋለች። ሳጥኑ ያለፈው ዓመት ከገበያ ተገዝቶ በባጃጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ ነገር ነፃ ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ መታጠቢያ ቤት፣ ጸጉሬን ጥቁር ስቀባና የመኪና ጌጅ በሻይ ዘፍዝፌ ሳስረጅ የተገኘሁ ሴት ነኝ። አንዱን ከአርባዎቹ ወደ ሠላሳዎቹ፣ ሌላውን ከአራስነት ወደ ሽምግልና። ያየኝ ሰው አልነበረም። ሕሊናዬ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ሕሊናዬ ጥቂት ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ያየሁትን ሰው ሰላም ሳልለው ካለፍሁ ሦስት ቀን ይከነክነኛል። አንድ ጊዜ በር ስዘጋ የጎረቤት ዶሮ እግር ላይ ዘግቼ፣ ዶሮዋ ስላነከሰች ከምሳዬ እያካፈልሁ አንድ ወር አስታምሜያታለሁ። ከዳነች በኋላም ማንከሷን አልተወችም፤ ምሳው ስለጣማት ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሕሊና ያላት ሴት እንዴት የሐሰት ሥራ ውስጥ ትገባለች ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። አግብቻለሁ።

ባለቤቴ ደጀኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ሬዲዮና ምድጃ የሚጠግንበት ትንሽ ሱቅ አለው። ሰው የጣለውን ዕቃ ሲያይ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ዓይነት ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ውሃ ሰማያዊ ቮልስ አየና እንባው አልቆም አለ። የቮልሷ ባለቤት ሐጂ ኢብራሂም ነበሩ። ሐጂ ወረታ ተወልደው ባሕር ዳር ያረጁ ነጋዴ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ጨርቅና ሩዝ በዚህች መኪና እየጫኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል። ዓይናቸው ሲደክም ለመሸጥ ተገደዱ፤ የሸጡት ግን እንደ መኪና ሳይሆን ልጅ እንደሚድር ሰው ነው።

«አንድ ነገር ቃል ግባልኝ» አሉት የዚያን ቀን። «ፊቷን እንዳትቀይርብኝ። እንደ ዛሬ ጎረምሶች ሰማያዊና ቀይ መብራት እንዳትሰካባት።»

ደጀኔ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ሐጂ ስለ መኪናዋ ጠባይ ብዙ ነገር ነገሩት፤ እንዴት እንደምትነሳ፣ ምን እንደምትጠላ፣ ስትስል ምን እንደሚደረግላት። ደጀኔ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። ይሰማ ነበር ስላችሁ በአንገቱ ነው፤ እጁ የመኪናዋን ወንበር ይዳብስ ነበር።

ቮልሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢያችን አልወጣችም። ደጀኔ ብረቷን ቀጠቀጠ፣ ቀለሟን አደሰ፣ ወለሏ ላይ ምንጣፍ አነጠፈ። ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ክብ የፍጥነት መቁጠሪያ ብቻ ነበር። ከእሱ አጠገብ በቆርቆሮ የተደፈነ ቀዳዳ አገኘና ፊቱ በራ።

«እዚህ ጋ ጌጅ ነበር ማለት ነው። የቤንዚኑ ጌጅ ወልቆ ጠፍቷል።»

«ሐጂን ለምን አትጠይቃቸውም?» አልሁት።

«ምን ብዬ? መኪናዎን እየነካካኋት ነው ብዬ?» ካለ በኋላ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «መጨመር እኮ አይደለም፣ ትርንጎዬ። መመለስ ነው» አለኝ።

ይህችን አነጋገር ልብ በሉልኝ። በአገራችን ብዙ ነገር የሚጨመረው መመለስ እየተባለ ነው።

ከዚያ ከመለዋወጫ ሱቅ ሦስት ጌጆች በአንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ርካሽ መሆናቸውን ለማወቅ ዋጋቸውን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ጠርዛቸው የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው፤ መርፌያቸው ብርቱካንማ ነው፤ ሲበሩ ደግሞ መኪናዋ የጭፈራ ቤት ትመስላለች። አንዱ ቤንዚን ይለካል፣ ሁለተኛው ዘይት፣ ሦስተኛው የውሃ ሙቀት። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ውሃ የሚባል ነገር ውስጧ የለም። ደጀኔ ግን ሦስት ሆነው ከመጡ ሦስት ሆነው ይቀመጡ ብሎ ገጠማቸው። በኋላ ብዙ ጣጣ ሲመጣ፣ ያ ሦስተኛው ጌጅ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ምንም ስለማይለካ ዋሽቶ አያውቅም።

ገጥሞ ሲጨርስ ሁለታችንም ቆመን አየናቸው። የተከበሩ ሽማግሌ የሰርከስ መነጽር ያደረጉ ይመስል ነበር። ደጀኔ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ለምን እንዳየኝ አውቄያለሁ። እኔ በወጣትነቴ ድራፍቲንግ ተምሬ፣ ኮምፒዩተር መጥቶ መዝገብ ቤት እስኪያስገባኝ ድረስ የቤት ፕላን በእጄ እነድፍ ነበር። በቀለም ብዕር ቁጥር ስጽፍ ማሽን የጻፈው እንጂ ሰው የጻፈው አይመስልም ይሉኝ ነበር። ይህን የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበርና፣ እሺ ለማለት ዐሥራ አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

እንዴት እንዳደረግሁት ልንገራችሁ፤ ኃጢአት ሲናገሩት ከነዝርዝሩ ነው። የፕላስቲኩን ክዳን በቢላ ፈልቅቄ ከፈትሁ። አምፖሉን ቡናማ የጥፍር ቀለም ቀባሁት፤ ሲበራ እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆነ። ከወፍራም ወረቀት ክብ ቆርጬ፣ የፍጥነት መቁጠሪያውን በማጉያ መነጽር እያየሁ የቁጥሮቹን መልክ ቀዳሁ። በዚያች መኪና ላይ ማንም ያልነካው የድሮ ነገር እሱ ብቻ ነው ብለን እናምን ነበር። የአራት ቁጥር አናቱ ክፍት ነው፤ የሁለት ቁጥር አንገቱ ረዘም ይላል። እነዚህን ለማስመሰል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ሻይ አፈላሁ። ሁለት ብርጭቆ ለእኔና ለደጀኔ፣ አንድ ሳህን ለጌጆቹ። ወረቀት ሻይ ውስጥ አንድ ደቂቃ ከቆየ ዐሥር ዓመት ያረጃል፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ጡረታ ይወጣል። የፕላስቲኩን ጠርዝ ከቲማቲም ቆርቆሮ በቆረጥሁት ቀለበት ሸፈንሁት፤ አዲስ እንዳይመስል በሎሚና በጨው አሸሁት። ብርቱካንማዋን መርፌ ጥቁር የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባኋት። ይህችን «ሁለት ጊዜ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሲያልቅ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ጌጆቹ ከመኪናዋ ጋር የተወለዱ ብቻ ሳይሆን አብረው ክፉና ደግ ያዩ ይመስሉ ነበር። እሑድ እሑድ ደጀኔ ከጄሪካን ቤንዚን ይሞላላትና ሐይቁ ዳር እስካለው መናፈሻ ወስዷት ይመልሳታል። ሰው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ቀን አንዱ ተመልካች፣ «ኦርጅናል ጌጅ ነው አይደል?» አለ፤ ደጀኔ ዝም አለ። በሁለተኛው እሑድ ሌላው ሲጠይቅ ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው እሑድ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይኼ ኦርጅናሉ ነው» ሲል ሰማሁት። ውሸት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሲድህ ታዩታላችሁ፣ በወሩ ሰው ሰላም ይላል።

እስከዚህ ድረስ ሕሊናዬ እያጉረመረመም ቢሆን ችሎኝ ነበር። የማይቻለው ነገር የመጣው ሐጂ ኢብራሂም መልእክት ሲልኩ ነው። የልጅ ልጃቸው ዘይነብ ልታገባ ነው። ሙሽራዋ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የምትሄደው በሌላ በምንም ሳይሆን በዚያች ቮልስ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ እሳቸውም ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣሉ። «ደጀኔ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው። እንደ ሰጠሁት ያመጣታል» ብለዋል አሉ። ከሠርጉ በፊት ባለው እሑድ መጥተው በመንገዱ ላይ ሊሞክሯት ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሰውዬው ከዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ የሚመኙት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚያውቁት ዕቃ ውስጥ ተቀምጠው የሚወዷትን ልጅ መሸኘት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ዕቃ በሻይ ነክሬዋለሁ። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። አባ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ያደጉ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከቤተ ክህነት የሆኑ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት የዶሮዋን ጉዳይ ይዤ ሄጄ ስለማውቅ፣ ሲያዩኝ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

«አሁን ደግሞ የማንን እግር ሰበርሽ?»

«አባ፣ አዲስ ዕቃ አስረጅቼ ሰው አታለልሁ።»

«በምን አስረጀሽው?»

«በሻይ።»

ጥቂት አሰቡ። «ስኳር ነበረው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ጉንዳን አይበላውም» አሉና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። የቀረውን ከነሠርጉ ነግሬያቸው ሰባት ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከዚያ የከበደ ሰጡኝ። «ወለተ ጊዮርጊስ፣ ለእኔ ነግረሽኛል። ደግ አደረግሽ። ጌጁ ግን የእኔ አይደለም። ሰውየውን አግኚና ለእሳቸው ንገሪ፤ ከሠርጉ በፊት።»

ለደጀኔ ነገርሁት። «ከሠርጉ በኋላ ቢሆንስ?» አለ። ወንዶች ለንስሐ ሁልጊዜ ጥሩ ቀን ይመርጣሉ።

እሑድ ሐጂ መጡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ቆብ፣ በእጃቸው ቀጭን ከዘራ። መኪናዋን በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው ያዩዋት፤ ኮፈኗን፣ መብራቶቿን፣ የበሯን እጀታ አንድ በአንድ ዳሰሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ከስተሻል እንጂ አላረጀሽም» አሏት። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከሕሊናዬ ጋር ተቀመጥን። ሐይቁን ተጠግተን ጥቂት ከሄድን በኋላ የአባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ወረታ መንገድ ወጣን። በየመቶ ሜትሩ አሁን ልንገራቸው እላለሁ፤ በየመቶ ሜትሩ ሐጂ የሆነ ነገር ይተርካሉ። እዚህ ጋ ዝናብ ያዘን፣ እዚህ ጋ ጎማ ፈነዳ፣ እዚህ ጋ የዘይነብን አያት መጀመሪያ ያየሁባት ዛፍ ነበረች። እንዲህ የሚል ሰው ላይ እንዴት ሻይ ይደፋል?

ዘንዘልማ ስንደርስ የሐጂ እጅ ዳሽቦርዱ ላይ መንሸራሸር ጀመረ። የፍጥነት መቁጠሪያውን አለፈ። ሄደና ጌጁ ላይ ቆመ። ክብ ዙሪያውን በጣታቸው ዞሩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ደጀኔ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የቤንዚኑ ጌጅ ነዋ ሐጂ። ኦርጅናሉ።»

ሐጂ ጣታቸውን ሳያነሱ፣ «ማሻ አላህ። ስንት ላይ ነው?» አሉ።

«ግማሽ።»

«ግማሽ» አሉ ሐጂ፣ ስለማያውቁት ዘመድ እንደተነገረው ሰው።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «ሐጂ፣ እኔ አንድ ነገር…» ስል መኪናዋ ቀደመችኝ። ሳለች። ደግማ ሳለች። ከአንድ አዲስ ቤትና ከአንድ የጤፍ ማሳ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

ደጀኔ ወርዶ ከኋላ ሞተሩን ከፈተ። ሻማ ነቀለ፣ ሽቦ ነካካ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገባችን ቀስ አለና፣ «ጋሼ፣ ገመድ አለኝ። ኤሊዋን ልጎትትልህ?» ሲለው ደጀኔ ሌላ ሽቦ ጎተተ። ሐጂ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በመስኮት ተጣሩ።

«ደጀኔ፣ ቤንዚን አልቆባት እንዳይሆን።»

«ኧረ ሐጂ፣ ግማሽ ላይ ነው እኮ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ። ሞተሩ ሰምቷል ወይ?»

ይህን ጊዜ አላስቻለኝም። ከኋላ ተንጠራርቼ የጌጁን መስታወት በጣቴ ጠቅ አደረግሁት። መርፌዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ እንደዋለች ሴት ወደ ታች ወርዳ ባዶው ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ጊዜ የደረብሁት የጥፍር ቀለም አክብዷት፣ የሐይቁ እርጥበት ያሳበጠው ወረቀት ላይ ተጣብቃ ከርማ ነበር። እኔም ከመርፌዋ ጋር ወረድሁ። የጥፍር ቀለሙን፣ የቲማቲም ቆርቆሮውን፣ ሎሚውን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። «ቃል አስገብተውን ቃላችንን አፍርሰናል። መኪናዋን ለዘይነብ አልፈልግም ቢሉን አይፈረድብዎትም። ይቅር ይበሉን» አልሁ። ደጀኔ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሻማውን በእጁ እንደያዘ ቀርቷል። ሐጂን አየኋቸው። ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

ሐጂ በከዘራቸው ጫፍ የወለሉን ምንጣፍ ገለጥ አደረጉት። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እግር ከሚዘረጋበት ግድግዳ ላይ፣ ደጀኔ ለማማር ብሎ በምንጣፍ የሸፈናት አንዲት ትንሽ የብረት እጀታ ነበረች። ሐጂ በእግራቸው አዞሯት፤ ዓይን አላስፈለጋቸውም።

«አሁን ሻማህን መልስና አስነሳት።»

ተነሳች።

«ይህች መኪና ስትፈጠር የቤንዚን ጌጅ የሚባል ነገር አልነበራትም» አሉ ሐጂ። «ሲያልቅባት ትስላለች። ስትስል ይቺን በእግርህ ታዞራለህ፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ታወጣለች። የሸጥሁልህ ቀን ነግሬህ ነበር።»

«አልሰማሁም ሐጂ» አለ ደጀኔ።

«አውቃለሁ። ወንበሯን እየዳበስህ ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ባለቤቴ የመለሰው ነገር ከቶውንም ያልነበረ ነው፤ የተደፈነው ቀዳዳ ሬዲዮ እንዲገባበት የተተወ ኖሯል። እኔ ደግሞ ያልተወለደ ጌጅ አስረጅቻለሁ። እንዲህ ባለ ኃጢአት፣ ኃጢአቱ ሳይሆን ድካሙ ነው የሚቆጨው።

ሐጂ ግን አልጨረሱም። እጃቸውን እንደገና ወደ ጌጁ መልሰው፣ «ሥራሽስ መልካም ነው፣ ልጄ። መልኩን ከየት ቀዳሽው?» አሉኝ።

«ከፍጥነት መቁጠሪያው። ያልተነካው የድሮ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ።»

ሐጂ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ ወጣ፤ ከዘራቸው እስኪወድቅ። እንደ ነገሩን፣ የቮልሷ የራሷ መቁጠሪያ ድሮ አንድ የሩዝ ጆንያ ተንሸራቶበት ተሰብሯል። ጎንደር የሚገኝ አንድ መካኒክ ከወደቀ የሌላ ዓይነት መኪና ነቅሎ ይህኛውን ገጠመላቸው። እኔ በማጉያ መነጽር ሦስት ሳምንት ያጠናሁት ባለ ክፍት አናት አራት፣ የቮልስ አራት አይደለም። የሌላ ቤት ልጅ ነው። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም» አሉ ሐጂ። «ደጀኔ ሲገዛኝ፣ ምንም አልተነካችም ብዬዋለሁ። ወላሂ፣ እያልሁ ራሴም ሳላምነው አልቀረሁም። አሁን ምኑን ይቅር ልበልሽ?» ወደ ደጀኔ ዞሩና፣ «ለሐሙስ በጠዋት አምጣት። ጌጁንም እንዳታነሳው፤ ለፊቷ ያምርባታል» አሉት።

በማግስቱ በልጃቸው እጅ አንድ ቀጭን እንጨት ላኩልኝ። የክንድ ተኩል ርዝመት ያለው፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ጫፉ ቤንዚን ቤንዚን የሚል። ያች መኪና በሕይወቷ የነበራት ብቸኛ ጌጅ እሱ ነው፤ ከፊት ኮፈኑን ከፍተው ቋቷ ውስጥ ይነክሩት ኖሯል። ሦስት ቦታ በቢላ ተቆርጧል። ሊትር አይለካም፤ አገር ነው የሚለካው። የላይኛው ጎንደር ደርሶ መልስ ነው፤ መካከለኛው ወረታ። የታችኛው ምንድን ነው ብዬ መልእክተኛውን ስጠይቀው፣ «ዱዓ ነው» አለኝ።

ሐሙስ ማለዳ ቮልሷን በአበባ አስጊጠን ሐጂ በር ላይ አቆምናት። ቤንዚን በከተማው ጠፍቶ ደጀኔ ተሰልፎ ያገኘው ጥቂት ብቻ ነበር፤ የጌጁ መርፌ ግን መኪናዋ ስትንገጫገጭ ተመልሳ ግማሽ ላይ ተጣብቃለች። ዘይነብ እስክትወጣ ድረስ አንድ የሐጂ የጥንት ወዳጅ፣ ከወረታ የመጡ ሽማግሌ፣ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ጌጁን አዩ። አይተውም ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይችን ነገር አስታውሳታለሁ፣ ኢብራሂም። አብረን ጎንደር ስንሄድ ግማሽ ላይ ሆና መንገዱን ሁሉ አሳቀቀችን አይደል?»

አፌን ከፈትሁ፤ ሕሊናዬ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሐጂ ያን ደካማ ዓይናቸውን ወደ እኔ ካዞሩ በኋላ ወደ ወዳጃቸው መለሱት። «እንዴታ። ኦርጅናሏ እኮ ናት» አሉ። እኔን ደግሞ፣ «ልጄ፣ ለክተሽዋል?» አሉኝ።

አፌን ዘጋሁና ኮፈኑን ከፈትሁ። እንጨቱን ነክሬ አወጣሁት። እርጥበቱ ከወረታ ጥቂት ዝቅ፣ ከዱዓ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆሟል። ለሐጂ በጆሯቸው ነገርኋቸው። እሳቸው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ እኔም ከጎናቸው አማተብሁ። ዘይነብ ወጥታ ተቀመጠች፣ ደጀኔ አስነሳ፣ መንገድ ጀመርን።

ጌጁ እስከ ወረታ ድረስ ግማሽ ላይ ነበር።